ለራሱ የሚመልሰው ገመድ

ዳምሰን ካቶንጎ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን የሰማ ሁሉ «አረመኔ ነው» ብሎ ቶሎ ለመገላገል ስለሚቸኩል ነው። አረመኔ ቢሆን ኖሮ ለእኛም ለእሱም በቀለለን።

የተወለደው ባንግዌሉ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አጥማጅ ቤት ነው። አባቱ መረብ ሲጠግን እያየ ስላደገ ጣቶቹ ከቋጠሮ ጋር ተዋውቀው ኖረዋል። ወደ መዳቡ አገር የመጣው ጢሙ ሳያቀመቅም ነው። መጀመሪያ ወደ ጉድጓድ ለሚወርዱ ሠራተኞች የራስ መብራት ያድል ነበር፤ በኋላ የስልክ ክፍል ወሰዱት። እዚያ እያለ ፕሪስካን አገባ። ፕሪስካ ብቻዋን አልመጣችም፤ እናቷ ሞታባት ስለነበር ገና በእግሩ ያልሄደውን ታናሽ ወንድሟን ጎድፍሬይን በጀርባዋ አዝላ ነው የገባችው። ልጃቸው ሙታሌ እስክትወለድ ድረስ በዚያ ቤት ልጅ የሚባለው ጎድፍሬይ ነበር። ከተወለደችም በኋላ ፕሪስካ «ልጄ» ስትል ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ጎረቤት ይጠይቅ ነበር።

ማዕድኑ ኮምፒውተር ያስገባ ጊዜ ብዙ ተርሚናሎች አብረው መጡ። ተርሚናል መስታወትና የፊደል ገበታ ነው፤ እንደ አንዳንድ አለቆቻችን የራሱ ሐሳብ የለውም፣ ከዋናው ቢሮ በገመድ የተላከለትን ብቻ ያሳያል። ያን ገመድ የሚሠራ ሰው ሲፈለግ ዳምሰን ተመረጠ፤ አሠራሩንም አንድ አጭር እንግሊዛዊ አስተማረው።

«የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ ጋር መግጠም አለበት» አለው እንግሊዛዊው፣ ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች አቆላልፎ እያሳየው። «አፍ ለአፍ ከገጠምካቸው ሁለቱም ይለፈልፋሉ፣ የሚሰማ የለም።»

«እንደ ባልና ሚስት» አለ ዳምሰን።

እንግሊዛዊው ሳቀና የቀሩትን ሽቦዎች አሳየው። እነዚህ ወሬ አያመላልሱም፤ ሥራቸው መጠያየቅ ነው። ኮምፒውተሩ «አለህ?» ይላል፣ ተርሚናሉ «አለሁ» ይላል። ተርሚናሉ ሲጠፋ «አለሁ» የሚለው ይቋረጣል፣ ኮምፒውተሩም ያኔ ማንም እንደሌለ ያውቃል። ዳምሰን ነገሩ ገባው። ከዚያ ወዲያ እንግሊዛዊው ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ ሲገባ፣ የብየዳ ካውያውንና ሥራውን ለእሱ ትቶለት ሄደ።

ዳምሰን ሥራውን ይወደው ነበር። ሽቦውን ልጦ፣ ጫፉን አጣምሞ፣ ካውያውን አስጠግቶ፣ ከመሰኪያው ጥርስ ላይ የብየዳው ጠብታ እንደ እንባ አብለጭልጮ ሲቀዘቅዝ ማየት ደስ ይለዋል። ሰውም ያከብረው ነበር። ጎድፍሬይ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ፣ «የካቶንጎ አማች ነው» ስለተባለ ብቻ ከጉድጓዱ ሥር የፓምፕ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ፕሪስካ ከጉድጓድ ውጭ እንዲሆንላት ለምና ነበር። ከጉድጓድ ውጭ ሥራ አልነበረም።

ያ ዘመን የሰልፍ ዘመን ነው። ለበቆሎ ዱቄት ሰልፍ፣ ለዘይት ሰልፍ፣ ለሳሙና ሰልፍ። የማዕድኑ መጋዘን ደግሞ ኬብል የሚባል ነገር አለቀበት። ከእግራችን ሥር መዳብ እየተቆፈረ፣ በቤታችን በር በባቡር እየተጫነ ያልፋል፤ እኛ አንድ ክንድ የመዳብ ሽቦ የለንም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። በመጋዘኑ የቀረው ቀጭን የስልክ ሽቦ ብቻ ነበር፤ እሱም በውስጡ ያለው ለአፍ፣ ለጆሮና መሬት ለሚሉት መመለሻ ሽቦ ቢበቃ ነው። ለ«አለህ? አለሁ» የሚተርፍ የለም።

ዳምሰን መላ አገኘ። መላውን እሱ አልፈጠረውም፣ ገመድ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በኮምፒውተሩ በኩል ባለው መሰኪያ ውስጥ ጠያቂውን ጥርስ ከመላሹ ጥርስ ጋር በትንሽ ሽቦ ያያይዘዋል፤ ከዚያ ክዳኑን ይገጥመዋል፣ ማንም አያየውም። ኮምፒውተሩ «አለህ?» ሲል የገዛ ድምፁ ዞሮ ይመጣለትና «አለሁ» የተባለ ይመስለዋል። እኛ ጠዋት ጠዋት የፈረቃ አለቃ ስም ሲጠራ ቺቡኩ ቢራ ጠጥቶ ለተኛው ጓደኛችን «አቤት» እንደምንለው ማለት ነው። ዳምሰንም ስለዚህ ነገር ሲያወራ በዚሁ እያመሳሰለ ሰውን ያስቅ ነበር። የደሞዝ ክፍሉን እንዲህ ሠራው፣ መጋዘኑን እንዲህ ሠራው፣ ሁሉም ሠሩ። መሐንዲሱ ሲንካላም «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» አሉት፤ እንዴት እንደሠራው ግን አልጠየቁም።

ቀጥሎ ከጉድጓዱ አፍ በላይ ያለው የፓምፕ መቆጣጠሪያ ክፍል ገመድ በእርጥበት ተበልቶ ተበጠሰ።

ይኼኛው ከሌሎቹ ይለያል፣ ዳምሰንም መለየቱን ያውቃል። ጉድጓዳችን ውሃ የሚበዛበት ጉድጓድ ነው፤ ፓምፖቹ አንድ ቀን ቢያርፉ ሥሩ ሐይቅ ይሆናል። ከታች ውሃው ሲጨምር ኮምፒውተሩ ለተርሚናሉ ይልካል፣ ጠባቂው አይቶ በስልክ ታች ያሉትን ያስወጣል። ሳይረንም አለ። ድሮ በየሰበቡ እየጮኸ ሥራ ስላስቆመ አለቆች አንድ ነገር ወሰኑ፦ ተርሚናሉ ዘንድ ሰው ካለ ለሰው ይነገር፣ ተርሚናሉ ከጠፋ ብቻ ሳይረኑ ይጩህ። ያን «ከጠፋ» የሚያሳውቀው ደግሞ «አለሁ» የሚለው ሽቦ ነው። እንግሊዛዊው ይኼን ሲያስረዳ ዳምሰን አጠገቡ ቆሞ ነበር።

ዳምሰን የስልክ ሽቦውን ይዞ ብዙ አሰበ። ክፍሉ መቼም ሰው አይለየውም አለ ለራሱ። ኬብል ሲመጣ እቀይረዋለሁ አለ። ከዚያ ትንሿን ሽቦ በይዶ ክዳኑን ገጠመ፤ ለማንም አልተናገረም።

የክፍሉ ጠባቂ ሲልቬስተር ንኮማ የሚባል የንጎኒ ነገድ ሰው ነው። ዳምሰን ቤምባ ነው። የሁለቱ ወገን አባቶች ድሮ ተዋግተው ሲታረቁ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ጦሩን ትተው ስድቡን አወረሷቸው። ንጎኒ ቤምባን፣ ቤምባም ንጎኒን እንዳሻው ይሰድባል፤ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ቢሆን ይሰድባል፤ የተሰደበ መቆጣት አይፈቀድለትም። የተቆጣ ሰው ነውረኛ ይባላል። ሲልቬስተርና ዳምሰንም በስድብ የኖሩ ወዳጆች ነበሩ፤ ዳምሰን በዚያ በኩል ካለፈ ሳይሰደብ አይሄድም።

ገመዱን በሠራ በስንት ጊዜው ዳምሰን ወደ ክፍሉ ጎራ ሲል ሲልቬስተር የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ስኳር ድንች ይጠብሳል።

«ና ግባ፣ አንተ ዝንጀሮ በላ» አለው። «ዛሬ እንኳ የሰው ምግብ ቅመስ።»

«አይጥ ካልቀላቀልክበት እቀምሳለሁ» አለ ዳምሰንና ተቀመጠ።

«አይጡንማ ለእንግዳ አላባክንም።» ሲልቬስተር ትልቁን መርጦ ሰጠው። «ደግሞ ልመርቅህ። በፊት ይኼን ተርሚናል ነቅዬ ምድጃዬን ልሰካ ስል ያ ሳይረን እንደ ውሻ ይጮህብኝ ነበር። በክፍሉ የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፣ ታውቀዋለህ። አንተ ገመዱን ከቀየርክ ወዲህ ትንፍሽ አይልም። ባረክኸኝ።»

ዳምሰን ቀና ብሎ አየ። መስታወቱ ጨለማ ነው። የተርሚናሉ ሶኬት ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፣ ምድጃው በቦታው ገብቷል።

ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። እኔ ይኼን ስጽፍ እንኳ ብዕሬን ጥዬ ሄጄ አንገቱን ይዤ «ተናገር እንጂ» ልለው ያምረኛል። ቢናገር የሚደርስበት ነገር ትንሽ ወቀሳ ነበር። ግን «እጁ ወርቅ ነው» የተባለ ሰው፣ መሐንዲሱ ያመሰገኑት ሰው፣ ሥራዬ ጎዶሎ ነው ማለት ሞት መሰለው። «ብዙ አታቆየው እንጂ» አለ ብቻ፣ እንደ ቀልድ። ሲልቬስተርም «አንተን ከማስተናገድ በላይ አላቆየውም» አለው። ሳቁ። ዳምሰን ስኳር ድንቹን በልቶ ጣቱን ልሶ ወጣ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው።

ኬብል አልመጣም። ዝናሙ መጣ።

ነገሩ የደረሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሲልቬስተር በዚያን ቀን የጣደው ሻይ ቢሆን ኖሮ ባፈላ ጊዜ ተርሚናሉን መልሶ በሰካው ነበር፤ የጣደው ግን ቦሎቄ ነው። ቦሎቄ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ከጉድጓዱ ሥር ከተዘጋ የድሮ ዋሻ የተጠራቀመ ውሃ ግድግዳውን ገፍቶ ወጣ። ኮምፒውተሩ ለጨለማው መስታወት ደጋግሞ ላከ፤ «አለህ?» ሲል ከዚያች ከትንሿ ሽቦ «አለሁ» የሚል የገዛ ድምፁን እየሰማ፣ ሰው እንዳለ አምኖ ሳይረኑን ዝም አሰኘው። ጎድፍሬይ ከታች በፓምፑ ክፍል ብቻውን ነበር። የፓምፕ ጩኸት ባለበት ውሃ ሲመጣ አይሰማም፤ እዚያ የሚሰማ ሳይረን ብቻ ነው። መሰላሉ ከበሩ ሩቅ አልነበረም። ቢነገረው ኖሮ እየተራመደ ይወጣ ነበር።

አስከሬኑን ያወጡት ውሃው ተስቦ ካለቀ በኋላ ነው። ከበሩ ኋላ ተገኘ።

ዳምሰን ለፕሪስካ ሊነግር ሲገባ ካፔንታ የሚሉትን ደቃቅ ደረቅ ዓሣ እየለቀመች ነበር። ከሰፌዱ ቀና ብላ ፊቱን አየችና «የትኛው ልጄ ነው?» አለችው። ስሙን ነገራት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን መተረክ አልፈልግም፤ ወንድሟን አዝላ ያሳደገች ሴት ለቅሶ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከቀብሩ ማግስት መሐንዲሱ ሲንካላ ዳምሰንን አስጠሩት። ከዋናው ከተማ መርማሪዎች ሊመጡ ነው። «ሐዘን ላይ መሆንህን አውቃለሁ» አሉት፣ ዓይኑን ሳያዩ። «ግን ያን ገመድ የሚያውቀው ሌላ የለም። ሳይደርሱ እየው። የእኔን ቢሮ ተርሚናል ኬብል ውሰድ፣ ካስፈለገህ።»

ዳምሰን ሄደ። ክዳኑን ፈታ። ሽቦዋ እንዳለች ናት፣ ብየዳዋም አልደበዘዘ። ቆርጦ ኪሱ ከተታት። ከመሐንዲሱ ቢሮ የመጣውን ሙሉ ኬብል ወስዶ፣ ሁሉንም ሽቦ አንድ በአንድ በየቦታው በየደና ገጠመው። በሕይወቱ ከሠራቸው ገመዶች ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበር። የተርሚናሉን ሶኬት ሲነቅለው ሳይረኑ ወዲያው ጮኸ። ዳምሰን ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ሲልቬስተር ከሥራ ታግዶ ነበር። በምርመራው ጠዋት በኮሪደሩ ላይ ዳምሰንን ጠብቆ ያዘው። ፊቱ ጠውልጓል፣ ስድብም አልነበረውም።

«ምድጃውን የሰካሁት እኔ ነኝ» አለው። «እሱን አልክድም፣ ቅጣቴን እቀበላለሁ። ግን ሳይረኑ መጮህ ነበረበት። እንደማይጮህ ነግሬህ ነበር። ታስታውሳለህ አይደል?»

«አስታውሳለሁ» አለ ዳምሰን።

«እንግዲያው ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

ሊነግራቸው አስቦም ነበር፤ እኔ በዚህ አምነዋለሁ። ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ፈርቶ አይደለም። እስር ቤቱንም ፈርቶ አይደለም። ፕሪስካን ነው የፈራ። ለመርማሪ የተነገረ ነገር ከሰዓት በኋላ ገበያ ይወጣል። ማታ የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሺማውን ስታቀርብለት፣ ልጇን የገደለውን እጅ ስታስታጥብ በሐሳቡ አየ። እዚያ ላይ ልቡ ከዳው።

ሲልቬስተር ለመርማሪዎቹ ተናገረ፦ ተርሚናሉን ነቅያለሁ፣ ሳይረኑ ግን መጮህ ከተወ ቆይቶ ነበር። መርማሪዎቹ ወርደው ሶኬቱን ነቀሉ። ሳይረኑ እንደ ውሻ ጮኸ። ዳምሰንን ጠየቁት።

«ገመዱ ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው» አለ ዳምሰን።

ውሸት አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኼ ነው። ሲልቬስተር ዳምሰን ሰውን ያስቅባት የነበረችውን ትንሿን ሽቦ አስታወሰ፤ ቆርጦ እንዳወጣትም ገባውና ዞሮ አየው። የዳምሰንን ስም አልጠራም። ኋላ የጠየቁት ሰዎች አሉ፤ «ራሱ ይናገራል ብዬ ነው የጠበቅሁት» አለ ይባላል። መርማሪዎቹ ሳይረኑን በጨርቅ አፍኖታል ብለው ጻፉበት። ከሥራ ተባረረ። ከሥራ የተባረረ የማዕድኑን ቤት ይለቃል፤ ዘበኞች መጥተው የቤቱን ቁልፍ ተቀበሉት። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ቺፓታ በጭነት መኪና እስኪሄድ፣ ዕቃውን በዘመድ ግቢ አራገፈ።

የጎድፍሬይ ሐዘን የሚዘጋበት ቢራ የተጠመቀው በዚያው ሰሞን ነው። በዳምሰን ግቢ ወንዶች በእሳቱ ዙሪያ፣ ሴቶች በበረንዳው ተቀምጠዋል። ንጎኒዎችም እንደ ወጉ ሊሳደቡ መጥተዋል። አንዱ የሟችን ሸሚዝ ለብሶ ይንጎራደዳል፤ ሌላው «ቤምባ ዋና አይችልም እንዴ፣ የዓሣ አጥማጅ ዘር አይደላችሁም?» ይላል። የፕሪስካ አጎት ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ወጉ ለዚህ ነው፤ ሐዘን አጥንት ሳይሰብር ይወጣ ዘንድ።

ሲልቬስተር በበሩ ሲገባ ግን የሟችን ሸሚዝ የለበሰው እንኳ መንጎራደዱን ተወ። በመርማሪዎቹ ቃል ጎድፍሬይን የገደለ እሱ ነው። ሁለት ጎረምሶች ተነሡ። አጎትየው በከዘራቸው መልሰው አስቀመጧቸው።

«ንጎኒ ነው» አሉ። «ከነነውሩም ቢሆን ወጉ ይገባዋል። ተሳደብ እስቲ።»

ሲልቬስተር እሳቱ ዳር ቆመ። ከስቷል፣ ካፖርቱ ሰፍቶታል። ሲጀምር ድምፁ ደህና ነበር።

«እናንተ ዝንጀሮ በሎች» አለ፣ «ነገ ልሄድላችሁ ነው፣ ደስ ይበላችሁ። ግን ስትበሉ ስትጠጡ ገዳዩን አታውቁትም። እኔ መስዬአችኋለሁ። ገዳዩ ያውላችሁ፣ ቢራውን ይዞ ተቀምጧል።» በአገጩ ዳምሰንን አሳየ።

ግቢው በአንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዳ። እንዲህ ያለ ስድብ ከንጎኒ አፍ ነው የሚያምረው፤ ሐዘንተኛውን ራሱን ገዳይ ማለት። የተነሡት ጎረምሶች እንኳ ሆዳቸውን ያዙ።

«በምን ገደለው በሉኝ እንጂ» አለ ሲልቬስተር።

«በምን ገደለው?» አሉት በአንድ ድምፅ።

«በጥፍሬ በማታክል ሽቦ። እኔ ምድጃ ሰካሁ፣ እሱ ስኳር ድንቹን በላ። ነገርኩት፣ ‹አይጮህም› አልኩት። ሳቀ። ልጁ ሲሞት ሽቦዋን ቆርጦ ኪሱ ከተታት። እስቲ ኪሱን ፈትሹት።»

አንዱ የምር ተነሥቶ የዳምሰንን ኪስ በቀልድ ሊፈትሽ እጁን ሰደደ፤ ሳቁ ባሰ። በበረንዳው ላይ ፕሪስካ ነጠላ ጨርቋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር። ጎድፍሬይ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዳምሰን እሷን አየ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ሳቅ ግን አልመጣለትም። ኪሱ የገባውን የፈታሹን እጅ በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞታል።

ሲልቬስተር ከዚያ በላይ አልጨመረም። የተሳዳቢ ድርሻ የሆነችውን ዶሮ ሰጡት፣ እግሯን አንጠልጥሎ ይዞ ወጣ። ሰውም ቢራውን ጠጥቶ፣ ሲልቬስተር እንዴት ያለ ተሳዳቢ እንደሆነ እያወራ፣ ቤቱ ገባ።

ፕሪስካ ዋንጫዎቹን ለቅማ አጥባ ደረደረች። ዳምሰን ከእሳቱ ዳር አልተነሣም ነበር። መጥታ ፊት ለፊቱ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው በአክብሮት ተናገረችው።

«የሙታሌ አባት» አለች፣ «ሁላችን ስንስቅ እርስዎ ለምን አልሳቁም?»